ማንኩሳ ላይ ያልተገኘው ጓደኛ
(ስለ በዛብህ ልጅነትና ገና ስላልተጻፈው የልጆች ልብ ወለድ)

«ደግሞ ስለ ፍቅር እስከ መቃብር? ያልተባለ ምን ቀረና!» የሚሉን ጓደኞች አይጠፉም። እውነታቸውን ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ ስለ ጉዱ ካሳ አንደበት ያልጻፈ ተማሪ፣ ያላስተማረ መምህር የለም ማለት ይቻላል። ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል። እኛም በክምሩ ላይ አንድ ነዶ ለመጨመር ብለን ብዕር አላነሣንም። ያነሣነው አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሣን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በዛብህ በልጅነቱ ማንኩሳ ላይ ከማን ጋር ተጫወተ?

የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን መልሱን ፍለጋ ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ስንመለስ ያገኘነው ባዶ ቦታ ነው። እናት አለች፣ አባት አለ፣ ታቦት አለ፣ ትምህርት አለ። በታሪኩ ውስጥ ክብደት ኖሮት፣ ከበዛብህ ጋር ጥጃ ጠብቆ፣ ተጣልቶና ታርቆ የሚያድግ እኩያ ግን የለም። ደራሲው ረስተውት ነው? ወይስ የበዛብህ ቤት ራሱ ለጓደኛ በር የሌለው ቤት ሆኖ ነው? በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ነው። ከዚያም አልፈን፣ ይህ ባዶ ቦታ እኛ እስካነበብነው ድረስ በአማርኛ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬም እንዳልተሞላ ለማሳየት እንሞክራለን።

ለብዙ አንባቢ ማንኩሳ የልብ ወለድ ስም ናት። ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ልጆች ግን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ አውራ ጎዳናው የሚያልፍባት፣ ገበያ የሚወጣባት፣ ዘመድ የሚጠየቅባት አገር ናት። ስለዚህ ሌላው አንባቢ ወደ ዲማ፣ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሲቸኩል እኛ ማንኩሳ ላይ እንዘገያለን። የፍቅሩን ታሪክ ትተን የልጁን ታሪክ እንፈልጋለን። እንዲህ ስናነበው መጽሐፉ ሌላ መልክ ያወጣል፤ መጀመሪያ ነገር፣ የችግረኛ ቤተሰብ ሳይሆን የአስቸጋሪ ቤተሰብ ታሪክ ይሆናል።

በዛብህ የተሰጠ ልጅ ነው። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ልጃቸውን በሽታ እንዳይነጥቃቸው ፈርተው ይሳላሉ፤ እግዚአብሔር ካቆየላቸው እድሜውን ሁሉ በድንግልና ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ቃል ይገባሉ። ልጁ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የሚያድገው ከዕዳ ጋር ነው። ልብ እንበል፤ ስለቱን የተሳለው ሌላ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ፈረስ ቢሳሉ ፈረሱ አይጠየቅም፤ ጥላና ሻማም አይጠየቁም። እዚህ ግን የተሳሉት ልጅ ነው፤ እሱንም ማንም አልጠየቀውም። አድጎ ልቡ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚፈራው ፊታውራሪን ብቻ አይደለም፤ ሩቅ ማንኩሳ ላይ በስሙ የተገባውን ቃልም ይፈራል።

እንግዲህ የተሰጠ ልጅ እንዴት ጓደኛ ይኖረዋል? ጓደኛ ማለት ልጅ ራሱ የሚመርጠው የመጀመሪያ ሰው ነው። እናቱን አልመረጠም፣ አባቱን አልመረጠም፣ ክርስትና አባቱንም አልመረጠም። ጓደኛውን ግን ከሜዳ ያመጣዋል። ምርጫው ሁሉ አስቀድሞ የተመረጠለት ልጅ ከሜዳ የሚያመጣው ምን አለ? በዛብህ ማንኩሳ ላይ ብቻውን መሆኑ ስለዚህ የታሪኩ ጉድለት ሆኖ አልታየንም። ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይናገሩ የተናገሩት ነገር ነው እንላለን።

ይህን ስንል በውድነሽ ላይ መፍረዳችን አይደለም። ሐኪም በሌለበት አገር፣ ልጅ በትክትክና በፈንጣጣ እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን፣ አንዲት እናት ከስለት በቀር ምን መድኃኒት ነበራት? ዛሬም ቢሆን ከገጠራችን እናቶች መካከል ልጃቸው ሲታመም የማይሳሉ ጥቂት ናቸው። ችግሩ ያለው እዚያው ነው። የበዛብህ ቤት ጨካኝ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ፤ ልጁም አንባቢውም የሚጠላውን ባወቀ። ግን የሚወዱት ናቸው ያሠሩት። አስቸጋሪ ቤተሰብ ሲባል የሚደበድብ አባትና ክፉ እንጀራ እናት ብቻ ለሚመጣልን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ዲማ እንሻገር፤ እዚያ ደግሞ ሌላ የተሰጠች ልጅ አለች። ሰብለ ወንጌልን አባቷ ለአጥንት ሰጥተዋታል። ጠያቂ ሁሉ በዘር እየተመዘነ፣ ይኼ ይጎድለዋል ያ አይመጥነንም እየተባለ፣ የልጅቱ እድሜ በፊታውራሪ ሚዛን ላይ ያልቃል። አባትየው ይወዷታል ወይ? በራሳቸው መንገድ ይወዷታል፤ ክብራቸውን የሚወዱትን ያህል። ስለዚህ ማንኩሳ ያለው የባላገር ጎጆና ዲማ ያለው የመኳንንት አዳራሽ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሰማይና ምድር ይምሰሉ እንጂ አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ልጃቸውን ሳይጠይቁ መያዣ አድርገዋል፤ አንዱ ለሰማይ፣ አንዱ ለትውልድ ሐረግ።

መጽሐፉን የተቹ ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው። አልተሳሳቱም። አበጀ በለው ባላገሩን አስተባብሮ የተነሣበት ግፍ፣ ጉዱ ካሳ ያፈረጠው ቁስል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ግን ሂሱ እዚያ ላይ ሲቆም አንድ ነገር ያመልጠዋል። ፊታውራሪነት በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከነማዕረጉ ወደቀ፤ ጉልቱም በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀረ። የማንኩሳው ነገር ግን፣ ማለትም ልጅ ከማን ጋር እንደሚውል፣ የማንን ቆሎ እንደሚቆረጥም፣ ማንን «ወንድሜ» እንደሚል ቤቱ አስቀድሞ የሚወስንበት ልማድ በአዋጅ አልወደቀም። ኧረ ወዴት ሲወድቅ! የዛሬ አንባቢ «ያ ድሮ ነው» ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋ ከተፈለገ ሂሱ ወደ ማንኩሳ መመለስ አለበት።

በዛብህ ጓደኛ ያገኘው ከቤት ወጥቶ ነው። ዲማ ላይ ካሳ ዳምጤን አገኘ፤ ሰው «ጉዱ» የሚለውን፣ ከትልቅ ቤት ተወልዶ ትልቅነትን የናቀውን። ይህ ጓደኝነት ከፍቅሩ ታሪክ ጥላ ሥር ስለ ወደቀ በቂ ትኩረት አላገኘም እንላለን። በእድሜም በዘርም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የባላገር ልጅ፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ፤ ሌላው የመኳንንት ዘመድ። ካሳ ያንን ልጅ ሲቀበለው ዘሩን አልጠየቀውም። ሰው ለሰው በር ሲከፍት የምናየው እዚህ ላይ ነው። የሰብለና የበዛብህ ነገርም ቢሆን ፍቅር ከመሆኑ በፊት ትምህርት ነበረ፤ ሁለት ወጣቶች አንድ ብራና ላይ አጎንብሰው። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ይሰጣል፤ የሚሰጠው የድሃ ልጅ፣ የምትቀበለው የባላባት ልጅ ናት። ሥርዐቱ ለጥቂት ጊዜ ተገልብጦ የታየበት ክፍል እሱ ነው።

«ቆይ ቆይ! ይኼ የአዋቂ ልብ ወለድ ነው፤ የልጆች መጽሐፍ የሚጠየቀውን ለምን ትጠይቁታላችሁ?» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ተገቢ ክርክር ነው። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በእኛ አገር ልጅና አዋቂ የሚያነበው መጽሐፍ አልተለየም፤ ጂጋ ወይም ደምበጫ ላይ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእጁ የሚገባ ትልቅ መጽሐፍ ቢኖር ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ልጆች ያላሰቡ ደራሲ አይደሉም። ከዚህ መጽሐፍ አሥር ዓመት ቀድመው በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል፤ ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ጽፈዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። ስለ ልጅ የሚያስብ ሰው የጻፈውን የልጅነት ክፍል በልጅ ዐይን ማንበብ ድፍረት አይሆንብንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሌላው ዓለም የነጭና የጥቁር ልጅ ጓደኝነት የልጆች ልብ ወለድ ትልቅ ጉዳይ ነው። የእኛስ? «እኛ ዘንድ የዘር ነገር የለም፤ ሁላችንም አንድ ነን» ማለት ደስ ይላል። ግን የቡሬን ገበያ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በገጠራችን ዘር የሚባለው ነገር የቆዳ መልክ ብቻ አይደለም። አጥንት አለ፤ እጅ አለ፤ ሃይማኖት አለ፤ መልክም አለ።

እጅን እናስቀድም። ሸክላ የምትሠራው ሴት ገበያ ትወጣለች፤ ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን አስልፋ ትቀመጣለች። ባላገሩ ጀበናዋን ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ቡና ያፈላበታል፤ በምጣዷ እንጀራ ይጋግራል፤ በእንስራዋ ውኃ ይቀዳል። ቤቷ ገብቶ ግን አይበላም። ልጁን «እዚያ ቤት እንዳትበላ፤ ዐይን አላቸው» ይለዋል። ከእጇ የወጣውን ዕቃ አምኖ እጇን ይፈራል! ቀጥቃጩም እንዲሁ ነው፤ ማረሻውና ማጭዱ ከእሱ እየተገዛ «ቡዳ» የሚባለው እሱ ነው። ፋቂውም፣ ሸማኔውም ከዚህ አያመልጡም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ የመሬት አዋጁም ባለ እጅን ከባላገሩ አልለየም። ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ በአዋጅ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነውና የሚተላለፈው። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለውን ቃል ከቤቱ ሳይሰማ ያደገ ሰው እጁን ያውጣ ብንል ስንት እጅ እንደሚወጣ እናውቃለን።

መልክን ደግሞ እንይ። ከቡሬ ወደ ምዕራብ፣ ከአዊ ባሻገር መተከል አለ፤ በንጉሡም በደርግም ጊዜ የጎጃም አካል የነበረ። የጉሙዝ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ በባሪያ ፈንጋይ ሲታደን የኖረበት አገር ነው። የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነትን ከሕግ አወጣው፤ ከምላስ ግን አላወጣውም። ልጆች ሲጣሉ የሚወራወሩትን ስድብ ያስታወሰ ይህን አይክድም። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. መካከል መተከል ውስጥ የሆነው ደግሞ ስድብ ብቻ አልነበረም። ሰው በማንነቱ ተገደለ፤ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ከረመ። ከዚያ የተፈናቀለው የአማራና የአገው ልጅ ስለ ጉሙዝ፣ በጫካ ሸሽቶ የከረመው የጉሙዝ ልጅም ስለ ሌላው ምን እየሰማ እንደሚያድግ መገመት አያዳግትም። እንግዲህ የልጆች ጓደኝነት ልብ ወለድ ለእኛ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም ስንል ይህን ይዘን ነው።

ታዲያ ማን ጻፈው? በዓለም ዘንድ የታወቀውን ብንወስድ፣ የማርክ ትዌይን ሐክልቤሪ ፊን አለ። መጽሐፉ ከወጣ ከመቶ ዓርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰካራምና ተደባዳቢ አባት ያለው ነጭ ልጅና ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው፣ ጂም፣ በግንድ ርብራብ ላይ ተሳፍረው በትልቁ ወንዝ ይወርዳሉ። ልጁ ጂምን አሳልፎ መስጠት ጽድቅ፣ መደበቅ ኃጢአት እንደሆነ ተምሮ ያደገ ነው፤ ኃጢአቱን ይመርጣል። መጽሐፉ ዛሬም ያከራክራል፤ በተለይ ጂምን የሚሥልበት አኳኋን። ለእኛ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ጓደኝነቱ የሚሠራው ወንዙ ላይ ነው። ወደ ዳር ወጥተው መንደር ሲገቡ ሁልጊዜ ይበላሻል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ጄን ከርትዝ ያሳተሙት የልጆች ልብ ወለድ አለ፤ ርእሱን ብንመልሰው «የተራኪዋ ዶቃዎች» ሊባል ይችላል። ደራሲዋ አሜሪካዊት ናቸው፤ ያደጉት ግን እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ማጂ ነው። ታሪኩ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን ስለሚሰደዱ ሁለት ልጃገረዶች ነው። አንዷ ቅማንት፣ ሌላዋ ራሔል የምትባል ዐይነ ስውር ቤተ እስራኤላዊት ናት። ቅማንቷ ልጅ ቤተ እስራኤሎች ቡዳ ናቸው እየተባለች አድጋለች፤ መንገድ ላይ የምታገኛት ግን መሪ የምትፈልግ ልጅ ናት። የመጽሐፉ ጥንካሬ ፍርሃቱን በክፉ ሰዎች ላይ ሳይለጥፍ በራሷ በጥሩዋ ልጅ ልብ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ልጅቱ ራሔልን እጇን ይዛ መምራት ስትጀምር የምትታገለው ከወታደርና ከረኃብ ጋር ብቻ አይደለም፤ ቤቷ ካስተማራት ጋርም ነው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የእንግሊዛዊቷ የኤሊዛቤት ሌርድ ልብ ወለድ ነው፤ «የቆሻሻው ንጉሥ» እንበለው። አዲስ አበባ ላይ ነው። ማሞ እናቱ የሞተችበት ድሃ ልጅ፣ ተታሎ ተወስዶ ለገበሬ የተሸጠ፤ ዳኒ ደግሞ የሀብታም ልጅ፣ ከአባቱ ቁጣ የተነሣ ከቤቱ የጠፋ። ሁለቱ ጎዳና ላይ ተገናኝተው ይተሳሰራሉ። እዚህ አስቸጋሪው ቤተሰብ የባለ ቪላው ቤት መሆኑ ጥሩ ነው፤ ችግር ድሃ ቤት ብቻ የሚያድር የሚመስለውን አንባቢ ያነቃዋል።

እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ያፈጣል። ሐክልቤሪ ከቤት ይጠፋል፣ ከዚያ ጓደኛ ያገኛል። ሁለቱ ልጃገረዶች ከአገር ይሰደዳሉ፣ ከዚያ ጓደኛ ይሆናሉ። ማሞና ዳኒ ጎዳና ይወጣሉ፣ ከዚያ ወንድማማች ይሆናሉ። በዛብህም ማንኩሳን ይተዋል፣ ከዚያ ካሳን ያገኛል። አራቱም ልጆቻቸውን ከቤት ካላወጡ ጓደኛ ሊሰጧቸው አልቻሉም! ወንዝ፣ ድንበር፣ ጎዳና፣ የተማሪ መንገድ፤ ጓደኝነቱ ሁልጊዜ ማንም በማይኖርበት ቦታ ነው የሚያብበው።

ይህን ስናይ ደራስያኑን አንወቅስም። እውነት ተናግረዋል፤ መንደር እንዲህ ያለውን ጓደኝነት ያፍናል። ግን ለአንባቢው ልጅ ምን ቀረለት? እሱ ከቤቱ አይጠፋም። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነገ ጠዋት ተነሥቶ እዚያው ክፍል ይገባል፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ትኖራለች፤ ማታ ወደዚያው እናቱ ይመለሳል። «ጓደኛ ለማግኘት መሰደድ ያስፈልጋል» የሚል መጽሐፍ ለእሱ ምንም አላደረገለትም። የጎደለን መጽሐፍ ልጁ ሳይሰደድ ጓደኛ የሚያገኝበት ነው። ከቤቱ ሳይወጣ፣ እናቱን ሳይጠላ፣ ገበያው በሚያየው ቦታ።

ይቻላል ወይ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባም። አንዱ ወጥመድ ሐሰት ነው፤ መንደሩ በመጨረሻው ምዕራፍ ተሰብስቦ ንስሓ ገብቶ፣ እልል ብሎ፣ «ከእንግዲህ ሁላችን አንድ ነን» የሚልበት መጽሐፍ። እንዲህ ያለውን በትምህርት ቤት ድራማ ብዙ አይተናል፤ ያጨበጨብነውም ስላለቀ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ መቃብር ነው፤ ልጆቹን ገድሎ አንባቢን ማስለቀስ። ሐዲስ ዓለማየሁ ለአዋቂ አንባቢ ጀግኖቻቸውን እስከ መቃብር አድርሰዋል፤ እሳቸው ችለውበታል። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን መቃብር መልስ አይሆነውም።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ትንሽ ድል እንበለው። አንድ ልጅ የአገሩን ልማድ ሊሽር አይችልም። ከጓደኛው ቆሎ ግን አንድ እፍኝ ሊቆረጥም ይችላል። ሳይታመም ማደሩን ራሱ ሊያይ ይችላል። ማታ እናቱ «ዛሬ ከማን ጋር ዋልክ?» ስትለው ዝም ሊል፣ ወይም ሊዋሽ ይችላል። እናቱን የሚወድ ልጅ ለጓደኛው ሲል ለእናቱ የሚዋሽበት ያ የመጀመሪያ ማታ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። እናትየዋም ክፉ አትሁን። ውድነሽ በጣሙ ክፉ አልነበረችምና። ልጇ እንዳይሞትባት የምትፈራ ሴት ትሁን፤ ፍርሃቷ ግን የሌላ ሰው ልጅ ላይ የሚያርፍ። ይህን ያህል ከተሠራ አንባቢው ልጅ እናቱን ያውቃታል፤ ራሱንም ያውቃል።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅም መልአክ አትሁን። ይህ ጥሩ ልብ ያላቸው ጸሐፍት ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። የተናቀውን ሰው ሲሥሉ ነውር አልባ ያደርጉታል፤ እንዲህ ሲያደርጉትም በጨዋ ቋንቋ ከሰው ተራ ያወጡታል። ልጅቱ ትቆጣ፣ ትስረቅ፣ ተሳድባ ትሳቅ፤ ፈተና ላይ ትኮርጅ። «አልፈልግህም፤ ያንተ እናት ጀበናችንን ገዝታ እኛን ትጸየፋለች» ብላ ፊቷን ታዙር። ይቅርታ መጠየቅ ያለበትም እሱ ይሁን። ጓደኝነቱን የባላገሩ ልጅ ቸርነት ካደረግነው ያው ጌታና ሎሌ ነው፤ ስሙን ቀይረን መልሰን ማምጣታችን ነው።

ቋንቋውም አንድ ነገር ነው። ቀደም ብለን ያነሣናቸው ሁለት መጻሕፍት ስለ እኛ ልጆች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ደራስያኑን የምናመሰግነው ከልብ ነው፤ ግን የማንኩሳ ልጅ አያነብባቸውም። በአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ለማውጣት የደከሙ ሰዎች አሉ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ ከጎናቸው የነበሩት ይኸው የጠቀስናቸው ጄን ከርትዝ ናቸው። እንዲያም ሆኖ በእጃችን የሚገቡት የልጆች መጻሕፍት አብዛኞቹ ተረቶች ናቸው። ተረት መልካም ነው፤ ጦጣና አንበሳ ሊታረቁ ይችላሉ። ግን ጦጣና አንበሳ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አይማሩም። ልጆቻችን ስማቸው የሰው ስም፣ መንደራቸው የሚታወቅ መንደር የሆነ ሰዎችን ማንበብ አለባቸው። አማርኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ አይሁን፤ ልጆች ሜዳ ላይ የሚጣሉበት የጎጃም አማርኛ ይሁን።

ለማጠቃለል፣ በእኛ ንባብ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትልቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የልጅን ብቸኝነት ከነምክንያቱ ማሳየቱ ነው፤ ምክንያቱም ክፋት ብቻ አይደለም፣ ፍቅርና ፍርሃት የተጎነጎኑበት ቤት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ከማንኩሳ አስወጥተው ጓደኛ ሰጡት። ማንኩሳ ላይ የቀረውን ሥራ ለሚቀጥለው ሰው ተዉት። እስከ ዛሬ ያነሣው ሰው አላየንም።

ይህን የምታነቡ ጓደኞቻችን ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ መምህራን ትሆናላችሁ፤ ከእናንተም ወደ ቡሬ፣ ወደ ጂጋ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚላክ አይጠፋም። ክፍል ገብታችሁ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ በምሳ ሰዓት ማን ብቻውን እንደሚበላ ታያላችሁ። ያያችሁትን ጻፉት። ሙሉ ልብ ወለድ መሆን የለበትም፤ አንድ ምሳ ሰዓት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ውሸት ይበቃል። ለሚቀጥለው እትማችን አራት ገጽ ለዚህ ጉዳይ አስቀርተናል። የሚመጣውንም እንደ ዛሬው አጥብቀን እንተቻለን፤ የእኛ ጽሑፍ ከሆነም አንምርም።